የሁለት ምድጃ ጋጋሪ

ኩያ ሮዴሊዮ ፍርድ ቤት የመጣው አንድ ከረጢት ትኩስ ዳቦ ታቅፎ ነው። በር ላይ የሚፈትሸው ዘበኛ ከረጢቱን ከፍቶ አሸተተና እየሳቀ አሳለፈው። ያላሳለፈችው ጠበቃው ብሮንዊን ናት።

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?»

«ዳኛዋ ቀምሰው ይፍረዱኛ!»

«አንተ ሰውዬ፣ ልታሳስረኝ ነው? ስንቴ ልንገርህ! ዛሬ ‹ጋጋሪ ነህ ወይ?› የሚልህ የለም። የሚታየው ቪዛህን የከለከለው ሰው ደንቡን በትክክል ተረድቶታል ወይ የሚለው ብቻ ነው።»

ኩያ ከረጢቱን ጭኔ ላይ አስቀመጠው። እኔ፣ እሱና ሚስቱ ኔኒታ አንድ ክፍል ያከራዩኝ፣ እንደነሱ የፊሊፒንስ ልጅ ነኝ፤ «ኩያ» የምለውም በእኛ ቋንቋ «ታላቅ ወንድሜ» ማለቴ ነው። ዛሬ ከተረታ የአውስትራሊያዋን አደሌድ ለቀው ወደ አገር ቤት፣ ወደ ኢሎኢሎ መመለሳቸው ነው፤ ዘንድሮ ትምህርት የጀመረችው ልጃቸውም እንዲሁ።

ኩያ ጠዋት አንድ ዳቦ ቤት፣ ከሰዓት ሌላ ዳቦ ቤት ይሠራ ነበር። የባለሙያ ቪዛ ደንቡ የሙሉ ሰዓት ሥራ ይጠይቃል። መሥሪያ ቤቱ «ያለህ ሁለት ግማሽ ሥራ እንጂ አንድ ሙሉ ሥራ አይደለም» ብሎ መለሰው።

የመንግሥት ጠበቃ፣ ቀጭን ወጣት፣ ተነሣ። «ክብርት ዳኛ፣ ደንቡ ሲወጣ የታሰበው አንድ ቀጣሪ ነው።»

ዳኛዋ መነጽራቸውን ዝቅ አደረጉ። «የታሰበውን ከየት አገኙት? እኔ የማነበው በሳምንት ስለሚሠራ ሰዓት ነው። ስለ ቀጣሪ ብዛት የሚናገር ካለ ያሳዩኝ።»

ጠበቃው ገጹን ገለጠ፤ መልሶ ገለጠ። እኔ ሐሳቤ ከኩያ ብስክሌት ጋር ሄዶ ነበር። ከአንዱ ምድጃ ወጥቶ፣ ቅንድቡ ዱቄት እንደለበሰ፣ ወደ ሌላው ሲከንፍ ይታየኛል። ኔኒታ በክርኗ ስትጎስመኝ ነቃሁ። የመሥሪያ ቤቱ ውሳኔ ተሽሯል።

«ቪዛውን አሁን ይሰጡኛል?» አለ ኩያ ኮሪደር ላይ።

«ዳኛ ቪዛ አይሰጥም። ፋይልህ ተመልሶ ሌላ ሰው እንደ አዲስ ያየዋል።»

«ታዲያ ምኑን አሸነፍኩት?»

«ቀጣሪህ ሁለት ነው ብሎ የሚጥልህ የለም። የሁለቱም ምድጃ ሰዓት ተደምሮ ይቆጠርልሃል» አለች ብሮንዊን።

ኩያ ጥቂት አሰበና ፊቱ በራ። «ከተቆጠረልኝማ ሞልቶ ይተርፋል!»

ደረጃው ላይ ተቀምጠን ከረጢቱን ፈታን። የመንግሥት ጠበቃው ሲወርድ ኩያ ጠርቶ አንድ ዳቦ ዘረጋለት። ሰውየው አመነታ፤ ብሮንዊንን አያት።

«ብላ እንግዲህ፤ ችሎቱ አልቋል» አለችው።

ቆረሰ፤ አኘከ፤ ዓይኑን ጨፈነ። «ይሄ የየትኛው ዳቦ ቤት ነው?»

«አንተ አሁንም ዳቦ ቤት እየቆጠርክ ነው?» አለ ኩያ እየሳቀ። «ይልቅ ድገም!»