ሃያ አንድ ቁጥር

ሃያ አንድ ይላል። እመብርሃንን፣ ሃያ አንድ ይላል! ብረቱ ላይ ተቀርጾ፣ ካርቶኑ ላይ ታትሞ፣ ነጋዴውም በልጆቹ እየማለ የሸጠልኝ ጎማ መፍቻ ነው። የኔ ሚኒባስ የጎማ ብሎንም ሃያ አንድ ነው፤ ከፋብሪካ ሲወጣ ጀምሮ ሃያ አንድ ነው። ታዲያ ምን ሆኖ ነው መፍቻው ብሎኑ ላይ የአባቱን ጫማ እንዳጠለቀ ሕፃን የሚዋልለው?

ጎማው የፈነዳው አንኮበርን አልፈን ወደ አልዩ አምባ በሚያወርደው ጠመዝማዛ ላይ ነው። ሌላ ቀን ቢሆን ግድም አይሰጠኝ፤ ተሳፋሪውን አወርድና እየተሳደብኩ እቀይራለሁ። የዚያን ቀን ግን ከኋላዬ ጠይባ ተቀምጣለች። ደብረ ብርሃን መናኸሪያው አጠገብ ብርድ ልብስ የምትሸጥ፣ ዓመታት የማውቃት ሴት ናት። ጎህ ሲቀድ እናትሽ አረፉ ተብሎ ተደወለላት። በእነሱ ደንብ ሬሳ አይቆይም፤ ታጥቦ፣ ተከፍኖ፣ ተሰግዶበት በዕለቱ ይቀበራል። እናትየው ደግሞ በቁማቸው «ስሞት የምታጥበኝ ጠይባ ናት፣ ሌላ እጅ እንዳይነካኝ» ብለው ተናዘዋል። መኪና ስትገባ ይህንኑ ነገረችኝ።

«ዘሥላሴ ወንድሜ፣ ለቀብሩ አይደለም፤ ለማጠቡ አድርሰኝ» አለችኝ።

እኔም ደረቴን ነፍቼ «እኔ እያለሁልሽ!» አልኳት። ምነው ምላሴን በቆረጠው!

መፍቻውን ሰካሁና በእግሬ ረገጥኩት። ቂው ብሎ ዞረ። ተመስገን አልኩ። ለካ የዞረው መፍቻው ብቻ ነው፤ ብሎኑ ንቅንቅ አላለም። ደግሜ ስረግጠው ሾልኮ ወጣና ጉልበቴ ጠጠሩ ላይ አረፈ። የመፍቻዎቹን ካርቶን እንዳለ መሬት ላይ ዘረገፍኩት። ሃያ የሚለውን ሞከርኩ፤ ጭራሽ አይገባም። ሃያ አንድ የሚለው ይሰፋል። ሃያ ሁለት የሚለው እንደ ቀለበት ይሽከረከራል።

«በሃያና በሃያ አንድ መሐል እኛ ያልሰማነው ቁጥር አለ እንዴ?» ብዬ ገደሉን ጮህኩበት።

ተሳፋሪዎቹ ወርደው ከበቡኝ። ከመካከላቸው መሪጌታ ገብረአብ አሉ፤ ታች ቁልቁለቱ ላይ ያለች ደብር የሚያገለግሉ ሽማግሌ ናቸው። አጎንብሰው አዩና «ልጄ፣ ያለቀው ምናልባት ብሎኑ ይሆን?» አሉኝ።

«መሪጌታ፣ ብሎኑ ምን አደረገ? ብሎኑ እኮ አልዋሸም!»

ደሜ ፈልቶ ሽማግሌ ላይ ጮህኩ። እሳቸው ግን አልተቀየሙኝም፤ የጥምጥማቸውን ጫፍ በጥርሳቸው ቀደው ሰጡኝ። «ክፍተቱን በዚህ ሙላው» አሉ። ጨርቁን ብሎኑ ላይ ጠቅልዬ መፍቻውን በላዩ ስቀረቅረው፣ እግዜር ይስጣቸው፣ ያዘ። አንዱ ተፈታ። ሌላውም ተፈታ። ጨርቁ በተበጠሰ ቁጥር ከጥምጥማቸው እየቀነሱ ሰጡኝ። የመጨረሻው ብሎን ላይ ስደርስ ግን መፍቻው ማዕዘኖቹን ላጣቸው። አሁን የቱም ቁጥር የማይዘው ክብ ብረት ሆነ። አንድ ብሎን! አንድ ብሎን ብቻ ቀርቶኝ ቆሽቴ አረረ።

ጠይባ አንድም ቀን ክፉ ቃል ወጥቷት አያውቅም፤ ያን ጊዜም አልወጣትም። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ኔትወርክ ፍለጋ ስልኳን ወደ ላይ ይዛ ቋጥኝ ላይ ወጥታ ነበር። ስትመለስ ፊቷ አመድ መስሏል።

«ወንድሜ አብዱራህማን ነው የደወለው። የማጠቢያው ውሃ ሞቋል አለኝ። ከዚያ ተቋረጠ።»

«ጠብቁኝ አላልሽውም?»

«ሳልለው ተቋረጠ።» ጎማውን አየችው፣ እኔን አየችኝ። «በእግሬ ልሂድ።»

«በእግርሽ የት ትደርሻለሽ? አብደሻል?»

ነጠላዋን አጥብቃ ቁልቁለቱን ተያያዘችው። ከኋላዋ ቆሜ ነጋዴውን ረገምኩት፣ አስመጪውን ረገምኩት፣ ያን ቁጥር የቀረጸውን እጅ ረገምኩት። መሪጌታ «ተው፣ ርግማን ደግ አይደለም» ቢሉኝም አልተውኩም።

ማሽላ የጫነ አይሱዙ ከታች እያቃሰተ መጣ። መንገድ መሐል ገብቼ እጄን ዘርግቼ አስቆምኩት። ሾፌሩ ከወንበሩ ሥር የዛገ መፍቻ አወጣ፤ ዝገቱ በልቶት ቁጥር የሚባል ነገር የለበትም። በመዶሻ መትቶ ብሎኑ ላይ ሰካውና አንዴ ረገጠው። ተፈታ። እኔ ግማሽ ቀን የታገልኩትን! ምስጋናዬንም በቅጡ ሳይሰማኝ ሄደ።

ትርፉን ጎማ፣ ስኮርታውን፣ አስሬ፣ ሰዉን ጭኜ፣ ጠይባ ላይ የደረስኩባት ከስንት ጥምዝ በኋላ ነው። ጫማዋን በእጇ ይዛለች። ገብታ ተቀመጠች፤ መንገዱን ሙሉ ከንፈሯ ብቻ ይንቀሳቀሳል፣ ዱዓ ላይ ናት። እኔ የማያት በመስታወቱ ነው። ሰዓቱን ሳየው አበቃላት አልኩ። ውሃ ከሞቀ በኋላ ማን ይጠብቃል?

ከእናቷ ቤት ደጅ ስንደርስ ወንዶቹ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠዋል፣ ቃሬዛው ግድግዳ ተደግፏል። ጠይባ መኪናው ሳይቆም ዘላ ወርዳ ወደ ውስጥ ሮጠች። ከመሪው ላይ እጄን ማንሣት አቃተኝ። መሪጌታ ትከሻዬን ነክተው «ውረድ፣ ወንድሟን አጽናና» ስላሉኝ ወረድኩ።

አብዱራህማን ነጭ ጨርቅ በክንዱ አንጠልጥሎ መጣብኝ። ዓይኑ ቀልቷል።

«አየህ ይሄን?» አለኝ። «ከውጭ የመጣ ነው ብለው ነው የሸጡልኝ። ሜትሩ ታትሞበታል፣ አንብበው! ለከፈን ስንለካው ግማሹም የለ። ያለ ከፈን ማጠብ አይጀመርም አሉ ሴቶቹ። ሌላ ጨርቅ የመጣው ገና አሁን ነው፣ አሁን! ውሃው ሁለት ጊዜ ቀዘቀዘ። እናቴን እንዲህ አስጠብቄያት! ወላሂ፣ በሞተ ሰው ላይ እንዲህ ይደረጋል?»

አፌን ከፈትኩ። ስድብ ሞልቶኛል፤ ቀኑን ሙሉ ያጠራቀምኩት አለኝ።

ከበሩ መጋረጃ ወዲያ ውሃ ሲንቆረቆር ተሰማ። ቀጥሎ የጠይባ ድምፅ፣ ለሕፃን እንደሚያወሩት ዝግ ብሎ፦

«እማ፣ እኔ ነኝ። መጣሁ።»

አብዱራህማንን ክንዱን ይዤ ምንጣፉ ላይ አስቀመጥኩት።

«ተወው» አልኩት። «ተወው፣ ወንድሜ።»