የፈንታሁን ገድ

«የደጋን ዘመዶቻችን ሳይደርሱ የአባትሽን ሥራ ቤት ጥረጊው» አለቻት ልጇን ኡሙሰልማ፣ ከተቀመጠችበት ፍራሽ ሳትነሣ። «ማደሪያ ያጥረናል።»

ዊዳድ መጥረጊያ ይዛ ገባች። ለዚያ ቤት ግን መጥረጊያ አይሆንም፤ የእንጨቱ ብናኝ ቦነን ይልና ተመልሶ እዚያው ይተኛል። ስለዚህ ጥግ ላይ የቆመውን አቧራ መሳቢያ ቫኪዩም ጎትታ ሰካችው። ጠረጴዛው ላይ ያለው ኮምፒውተር፣ አባቷ አብዱልወሀብ ከተቀበረ ጀምሮ፣ ድንኳኑ ውስጥ ለተቀመጠው ለቀስተኛ ቁርኣን ሲያሰማ ሰንብቷል። ከኋላው የወጣው ገመድ እንጨት መቅረጫው ማሽን ላይ እንደተሰካ ነው። የማሽኑ ፕሮግራምም ሟቹ እንደተወው ክፍት ነው፤ ሊዘጋው እጁ የታዘዘለት ሰው አልተገኘም።

የቫኪዩሙ ቱቦ የማሽኑን ብረት ሲነካ ጣቷን ነዘራት። ወዲያው ስክሪኑ ላይ ያ የምታውቀው ቀይ ጽሑፍ ብቅ አለ፤ ከማሽኑ ጋር ያለው ግንኙነት ተቋርጧል።

ቫኪዩሙን አጠፋች። ገመዱን ነቅላ ስትሰካው ግንኙነቱ ተመለሰ። ቫኪዩሙን እንደገና አበራች፣ ብናኙን ትንሽ አስባችና ቱቦውን ወደ ብረቱ አስጠጋችው። ነዘራት፤ ጽሑፉም መጣ። በሦስተኛው እንዳይሆን እየተመኘች ነበር የሞከረችው። ሆነ። ብናኙ ላይ ቁጭ አለች፤ ብቻዋን ሆና ፊቷ በእፍረት ነደደ።

ማሽኑን የገጣጠሙት አባቷና ፈንታሁን ናቸው። አንዱ መስጊድ አንዱ ቤተ ክርስቲያን ይሂድ እንጂ ሁለቱ አናጢዎች ደሴ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ውስጥ የሙሽራ አልጋ አብረው ሲሠሩ ነው ያረጁት፤ ፈንታሁን ጓደኛውን «አብዱ» ነበር የሚለው። ማሽኑ ከውጭ በካርቶን ተበታትኖ ሲመጣ እንደ ሕፃን ነው የፈነደቁት። ሥዕሉን ኮምፒውተር ላይ የምታወጣላቸው ዊዳድ ነበረች፤ ኮምቦልቻ ካገባች በኋላም ቅዳሜ ቅዳሜ ደሴ ትወጣ ነበር። ኮምፒውተሩ አንድ ትእዛዝ ይልካል፤ ማሽኑ መቀበሉን ሲመልስ ቀጣዩን ይልካል። አብዱልወሀብ ይህን መልስ «አቤት» ይለው ነበር። ከልጆቹ እንደሚሻል፣ በጠሩት ቁጥር አቤት እንደሚል ለመጣው ሁሉ ያወራል።

በኋላ ማሽኑ አቤት ማለት ተወ። ቢላው እንጨቱ ውስጥ እንዳለ ቀጥ ይላል፤ የተጀመረው ሥራ ይበላሻል። ገመዱን ለወጡ፤ መሰኪያውን ቀየሩ፤ ማሽኑና ኮምፒውተሩ የሚነጋገሩበትን ፍጥነት ቀነሱ፤ ሌላ ኮምፒውተር ተዋሱ። ምንም ጠብ አላለም። ሁሉም ያስተዋለው አንድ ነገር ግን ነበር። አብዱልወሀብ ሲያሠራው ማሽኑ ቀኑን ሙሉ እንከን የለውም። ፈንታሁን ሲተካው ይቆማል።

አብዱልወሀብ የቫኪዩም ጩኸት ስለማይወድ አፍንጫውን በፎጣ አስሮ አቧራው ውስጥ ይሠራል። ፈንታሁን ደረቱን ያመዋል፤ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል አቧራ እንዳይጠጋ ስለመከሩት ከቫኪዩም ውጭ አይሠራም። ይህን ሁሉም ያውቅ ነበር፤ ብናኝ የሳበ ቱቦ ኤሌክትሪክ አጠራቅሞ ማሽኑን እንደሚነዝር ግን ያሰበ የለም።

ጉዱ የፈላው የመስጊዱ በር የተሠራ ለት ነው። ሽማግሌዎቹ ቆመው እያዩ፣ ፈንታሁን እያሠራው፣ ያ ያማረ የዋንዛ ሳንቃ መሐል ላይ ተቆርጦ ቀረ። አብዱልወሀብ ልቡ ደግ ነው፤ የደኻ ልጅ ሲዳር አልጋውን በነፃ ይሠራል። አፉ ግን ከሐሳቡ ይቀድማል።

«ይሄ ሰውዬ ገደቢስ ነው» አለ። «እጁ የነካው አይቃናም።»

ንዴትም ቀልድም ነበረው አነጋገሩ። መጀመሪያ የሳቀችው ዊዳድ ነበረች፤ ከዚያ ሽማግሌዎቹ ሳቁ። ፈንታሁንም አብሯቸው ሊስቅ ሞክሮ ነበር።

«ገደቢስ» የምትለው ቃል ሰፈሩን ለማዳረስ ጊዜ አልወሰደባትም። የሙሽራ አልጋ በገደቢስ እጅ የሚያሠራ ወላጅ ከየት ይመጣል? ፈንታሁን የራሱን ሱቅ ሞከረና ዘጋ፤ ከዚያ ኮምቦልቻ ወርዶ የዕቃ ማሸጊያ ሳጥን ይመታ ጀመር። ዊዳድ አንድ ቀን መንገድ ላይ፣ ሚስማሩን በከንፈሩ ይዞ ሲሠራ አይታው ወደ ማዶ ተሻግራ አለፈች። አባቷ በመጨረሻዎቹ ወራት፣ እንደ ዋዛ፣ ያ ሰውዬ ሳሉ እንዴት ሆነለት ብሎ ጠይቋት ነበር። አላውቅም አለችው። ከዚያ በላይ አልጠየቀም፤ አንዴ የተናገረውን መመለስ አይሆንለትም።

መቃብሩ ላይ ሼሁ እንደ ወጉ ከሟቹ ጋር ሐቅ ያለው ካለ እንዲናገር ጠየቁ። ፈንታሁን ከኋላ፣ ነጠላቸውን ካጣፉት ክርስቲያኖች መሐል ሆኖ፣ «እኔ አውፍ ብዬዋለሁ» አለ። ሰው ሁሉ ለይቅርታው አመሰገነው። ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ከኮምቦልቻ እየወጣ ይመጣል፣ ድንኳኑ ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ይውላል።

ዊዳድ ልብሷን አራግፋ ሄዳ ጠራችው። ተከትሏት መጣ፤ የሥራ ቤቱ በር ላይ ሲደርስ ግን ቆመ። ቱቦውን ብረቱ ላይ አስነክታ ጽሑፉን አሳየችው። ደግማ አሳየችው። አባባ አላወቀም ነበር፣ ማናችንም አላወቅንም እያለች ቃላቱ ተምታቱባት። ፈንታሁን ሁለት እጆቹን ወደ ኋላ አጣምሮ ያያል።

«ግባ እንጂ ጋሽ ፈንታሁን፤ ራስህ ሞክረው።»

«ተይ ልጄ፣ እንዳይበላሽባችሁ።»

«አየኸው እኮ! ካንተ አይደለም።»

«እኔም አምኜው ነበር» አላት። «ሳምሪ ልጄ ወልዳለች። ልጁን በዚህ እጄ እስካሁን አላቀፍኩትም።»

ይህን ብሎ ወደ ቦታው ተመለሰ። ዊዳድ ያን ጊዜ የሳቀችው ሳቅ ጆሮዋ ላይ መጣባት፤ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። እናቷ ዘንድ ገብታ ሁሉንም ነገረቻትና ዛሬውኑ ለቀስተኛው መስማት አለበት አለቻት። ኡሙሰልማ ጥቁር ሻሿን ወደ ግንባሯ ሳበች።

«አፈሩ ሳይደርቅ፣ በገዛ ድንኳኑ ልታሳጪው?»

«ቃሉ የወጣው ሰው ፊት ነው፣ እማ።»

«አውፍ ብሎታል እኮ። አልቋል።»

«አውፍ ያለው በደሉን ነው። ስሙን ማን ይመልስለታል?»

እናትየው ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ሂጂም ቅሪም አላለቻትም። ዊዳድ ወጣች።

ድንኳኑ ውስጥ ሼሁ ዱዓ ሊጀምሩ ጉሮሯቸውን ይጠራርጋሉ። የኮምፒውተሩ ቁርኣን ተዘግቷል። ዊዳድ በወንዶቹ መሐል አትገባም፤ ሳሎኑ ድንኳኑን በሚያገኝበት በር ላይ ቆመች። ይቅርታ ጠየቀችና ተናገረች።

«አባቴ ጋሽ ፈንታሁንን ገደቢስ ብሎታል፤ ሁላችሁም ሰምታችኋል። ማሽኑን ያቆም የነበረው ቫኪዩሙ ነው። የጋሽ ፈንታሁን እጅ ምንም የለበትም፤ አባቴ ተሳስቷል። እኔም ያኔ ስቄያለሁ።»

የሚያያት ጠፋ። የመስጊዱ ሽማግሌዎች ምንጣፉን እያዩ መቁጠሪያቸውን ቆጠሩ። የልጁን አልጋ ከፈንታሁን ሱቅ ነጥቆ ሌላ ዘንድ የወሰደው ጎረቤት ጫማውን የሚፈልግ መስሎ አጎነበሰ። አንድ ዘመድ ይህ የለቅሶ ቤት ወሬ እንዳልሆነ አጉረመረመ። ፈንታሁን ከሁሉም ይበልጥ አንገቱን ደፍቷል፤ እንኳን ሊደሰት፣ የተሰደበው አሁን ይመስላል። ዊዳድ ይቀለኛል ብላ ነበር። አልቀለላትም። ቃሬዛውን በተሸከሙት ሰዎች ፊት አባቷን ተሳስቷል አለችው፤ እውነት ነው፣ ግን አባቷ ነው።

ከኋላዋ የእናቷ እጅ ትከሻዋን ያዘና ወደ ጎን አደረጋት። ኡሙሰልማ ግድግዳውን ተደግፋ በሩ ላይ ቆመች። ባሏ ከሞተ ጀምሮ ወደዚህ በር ቀርባ አታውቅም። ሼሁ ሲያዩዋት ዱዓቸውን አቆዩ።

«ፈንታሁን» አለች። አንተ እያለች ስትጠራው የኖረችውን ሰው እንደማታውቀው ትንሽ አየችው። «እርስዎ ይመርቁን።»

ሁለት መዳፎቿን ወደ እሱ ዘረጋች።

ፈንታሁን ዞር ብሎ ሌላ ሰው ፈለገ። ከኋላው ሰው አልነበረም። ሼሁ መቁጠሪያቸውን ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡና እሳቸውም መዳፎቻቸውን ወደ እሱ ዘረጉ። ከዚያ ሽማግሌዎቹ፣ ከዚያ ያ ጎረቤት፣ ዓይኑን ከምንጣፉ ሳያነሣ።

ፈንታሁን ተነሣ። ሳሉ መጣበትና እስኪያልፍለት ጠበቁት።

«አብዱን…» አለ። ከዚያ ወዲያ አልወጣለትም። እንደገና «አብዱን…» ብሎ ቀረ።



«አሚን» አለች ኡሙሰልማ፤ መዳፎቿንም ፊቷ ላይ አሳረፈች።