ከኋላ ወንበር ሥር

ወንድዬ ከሚኒባሱ የኋላ ወንበር ሥር እስከ ወገቡ ገብቶ ካቻቢቴውን በጥርሱ ነክሷል። ከውጭ የሚታየው እግሩ ብቻ ስለሆነ ግቢው ውስጥ ድንጋይ ላይ የተቀመጡት ጋሽ ክንፈ የሚያወሩት ከእግሩ ጋር ነው።

"አሁንም አልጨረስህም?"

"አንድ ብሎን ቀረኝ።"

"ከጠዋት ጀምሮ አንድ ብሎን ነው የሚቀርህ።"

ወንድዬ ሲስቅ ካቻቢቴው ከአፉ አምልጦ አንገቱ ላይ ወደቀ። ጋሽ ክንፈ ይህን መኪና ሃያ ዓመት ከመካነ ሰላም ደሴ ሲያመላልሱ የኖሩ ሰው ናቸው። ጉልበታቸው ፍሬን መርገጥ ሲያቅተው ለወንድዬ ሸጡለት። ሸጡት እንጂ አልተለዩትም፤ በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን ብቅ ብለው ጎማውን በእግራቸው ነካ ካላደረጉ ደስ አይላቸውም። ዛሬ ዓርብ ነው፣ መኪናው ተራ የለውም፣ እሳቸውም የሚተርቡት ሰው አግኝተዋል።

የሚገጠመው ዕቃ የመጣው ከጅዳ ነው። የወንድዬ ታላቅ እህት የትምወርቅ እዚያ ሰው ቤት ስትሠራ ሰባት ዓመት ሆኗታል። አንድ ቀን በስልክ ሲያወሩ ወንድዬ እንደ ቀልድ፣ "ወጣቶቹ ሙዚቃ ያለበትን መኪና እየመረጡ ጥለውኝ ይሄዳሉ። የኔ ቴፕ ጉንፋን የያዘው ነው የሚመስለው" አላት። እሷ ግን ቀልድ አላደረገችውም። በሁለት ወሩ አገሯ በምትገባ ሴት እጅ ሁለት ትልልቅ የቤዝ ስፒከሮች፣ አራት ትንንሾችና አንድ ድምፅ ማጉያ አምፕ ላከች። ከአዲስ አበባ ደሴ በአውቶቡስ መጣ፤ ከደሴ እዚህ ድረስ ደግሞ ወንድዬ ራሱ ከኋላ ወንበር ሥር አድርጎ አመጣው። ካርቶኑ ላይ በእጇ፣ "ያኔ ፈታህ፤ አሁን ግጠም" ብላ ጽፋበታለች።

ነገሩን የሚያውቁት ሁለቱ ብቻ ናቸው። ወንድዬ በስምንት ዓመቱ የአባታቸውን ሬዲዮ ፈታትቶ መልሶ መግጠም አቃተው። አባታቸው ማታ ሲገቡ፣ "እኔ ነኝ የጣልኩት" ብላ የተገረፈችው የትምወርቅ ነበረች። ስለዚህ ደሴ ያሉት ባለሙያዎች ይግጠሙልህ ቢባል እሺ አይልም። ሁለት ሳምንት ሙሉ በስልኩ ቪዲዮ ሲያይ ሰነበተ። ኮምፔርሳቶ ገዝቶ ለሁለቱ ቤዝ የሚሆን ረጅም ሣጥን ሠራ፣ በኮላና በብሎን አጣበቀው፣ በአሮጌ ምንጣፍ አለበሰው። ዛሬ ደግሞ ከባትሪው አጠገብ ፊውዝ አስሮ ቀዩን ሽቦ በምንጣፉ ሥር እስከ ኋላ ጎተተው።

ከወንበሩ ሥር ወጥቶ ሞተሩን ሲያስነሳ ስፒከሮቹ አፏጩ። ነዳጅ ሲሰጠው ፉጨቱም ጨመረ።

"ይኸ ነው ከጅዳ የመጣው ዘፈን?" አሉ ጋሽ ክንፈ።

"ቆይ እንጂ ጋሼ።"

"ከቴፑ የሚመጣውን ቀጭን ገመድ በየት በኩል አሳለፍኸው?"

"ከቀዩ ሽቦ ጋር አንድ ላይ።"

"እንግዲያው እሱ ነው የሚያስጮኸው። ኤሌትሪክ ባለበት የሬዲዮ ገመድ አይሄድም። ለያያቸው፤ አንዱ በግራ፣ አንዱ በቀኝ ይሂድ።"

ወንድዬ አፉን ከፍቶ አያቸው። ሁለት ሳምንት ቪዲዮ አይቶ ያመለጠውን እኒህ ሽማግሌ ከድንጋያቸው ሳይነሱ ነገሩት። ምንጣፉን እንደገና ገልጦ ቀጭኑን ገመድ በግራ በኩል አዞረው። አሁን ሲያስነሳው ፉጨት የለም። የወሎ ዘፈን ከፈተ። ቤዙ ሲመታ የጎረቤት የቆርቆሮ አጥር ተንቀጠቀጠ፣ ዶሮዎች ተበተኑ፣ ጋሽ ክንፈም ሳያስቡት ትከሻቸውን ነቅነቅ አደረጉ።

"እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ።"

"ምን አደረግሁ? ምሳዬን በልቼ ልምጣ፤ እስክመለስ ደግሞ አጥሩን እንዳታፈርሰው።"

ከጁምዓ በኋላ እትዬ ሀጀራ መጡ። ሰማያዊ የበረዶ ሣጥናቸውን በገመድ እጀታው አንጠልጥለዋል። ባላቸው አቶ ቢሻው የስኳር ሕመምተኛ ናቸው። በየቀኑ የሚወጉት መድኃኒት እዚህ ሲጠፋ ደሴ ያለችው የእትዬ ሀጀራ እህት ገዝታ በረዶ ውስጥ አድርጋ ትልካለች። ባዶውን ሣጥን ይዞ የሚሄደው፣ ሞልቶ የሚያመጣው ወንድዬ ነው። አራት ዓመት እንዲህ ሆኗል። ከጋቢናው ሥር ሞተር አለ፣ ጣሪያው ላይ ፀሐይ አለ፣ በወንበሮቹ መሃል የሰው እግር አለ። ቀዝቀዝ ያለው ቦታ የኋላ ወንበር ሥር ብቻ ነው፤ ከጋሽ ክንፈ ጊዜ ጀምሮ የመንደሩ አደራ የሚቀመጠውም እዚያው ነው።

"ማሻአላህ! ከመስጊዱ በር ድረስ ይሰማል" አሉ እየሳቁ። "እህትህ ናት አይደል የላከችው? አላህ ዕድሜዋን ያርዝመው።"

"አሜን። ይግቡና ይዩት እንጂ እትዬ ሀጀራ።"

ገብተው እንደ ልማዳቸው፣ ሳያዩ፣ ሣጥኑን ከወንበሩ ሥር ገፋ አደረጉት። ቋ አለና ቆመ። ትንሽ ወደ ቀኝ ወስደው ገፉት፤ አሁንም ቆመ።

"እዚህ ጥግ ይግባ፣ አምፑ ላይ ቦታ አለ" አለ ወንድዬ ፈጠን ብሎ።

እትዬ ሀጀራ እጃቸውን ወደ አምፑ ሰደዱና ወዲያው መለሱት።

"ይኸ'ኮ ይፈጃል ልጄ።"

ወንድዬም ነካው። እውነት ነው፣ ይፈጃል። ይህን ሁሉ ሲለካ፣ ሲቆርጥ፣ ሲያጣብቅ ያን ቦታ ባዶ ነው ብሎ ነበር የቆጠረው። አደራ ካልተጫነበት ባዶ ይመስላላ! 

"አብሽር፣ ምንም አይደል" አሉ እትዬ ሀጀራ። "የነገውን ለሌላ ሹፌር እሰጠዋለሁ። አንተማ እስከዛሬ መቼ አሳፈርኸን! አላህ ይስጥልኝ።"

ሣጥናቸውን አንሥተው ወጡ። ቢቆጡት ይሻለው ነበር። ባለፈው ዓመት የሱ መኪና ጋራዥ ገብቶ ሌላ ሹፌር መድኃኒቱን ከጋቢናው ሥር አስቀምጦት ነበር። በረዶው ቀልጦ መድኃኒቱ ግሎ ደረሰ፤ እነሱም ሳያውቁ ተጠቀሙበት፤ አቶ ቢሻው ራሳቸውን ስተው ሦስት ቀን ሐኪም ቤት ተኙ። እትዬ ሀጀራ ይህን አላነሱበትም። መርቀውት ነው የሄዱት።

ወንድዬ የመኪናው ደረጃ ላይ ተቀመጠ። ደሴ ኮሌጅ ሲማር እናቱ በየሳምንቱ በሶ በጨርቅ ቋጥራ በዚሁ ወንበር ሥር ትልክለት ነበር። ጋሽ ክንፈ ኮሌጁ በር ላይ ቆመው ጥሩንባ ይነፋሉ፣ እሱ እየሮጠ ይወጣል። አንድ ቀን እንኳ ቦታ የለኝም ብለው አያውቁም። በዚያ በሶ ነው የተመረቀው።

ስልኩ ጮኸ። የትምወርቅ ነበረች፤ ፊቷ ስልኩን ሞልቶታል።

"ገጠምኸው?"

"ገጠምሁት።"

"አሰማኝ!"

ከፈተላት። ስልኩን ወደ ስፒከሩ አስጠጋ። የትምወርቅ መጀመሪያ ሳቀች፣ ቀጥሎ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች።

"ጨምረው እንጂ!"

"የሰው አጥር ይወድቃል።"

"ይውደቅ! እኔ አሠራዋለሁ።"

 ዘፈኑ ሲያልቅ አጠፋውና የእትዬ ሀጀራን ነገር ነገራት።  ከኋላዋ የልብስ ማጠቢያ ማሽን ይጮሃል።

"ሻንጣ ውስጥ አልገባ ብሎኝ የራሴን ልብስ አውጥቼ እኮ ነው የላክሁት" አለች በመጨረሻ።

"አውቃለሁ እታለም። ስለዚህ ነው ላንሣው ወይ ብዬ የምጠይቅሽ።"

"ምኑን ትጠይቀኛለህ? የኔ ፓስፖርት ከደሴ በምን መጣ?"

"በጋሽ ክንፈ መኪና።"

"የት ተቀምጦ?"

ወንድዬ ስልኩን ወደ ኋላ ወንበሩ ሥር አዞረላት።

"በል እንግዲህ" አለች። "አንዱን ቤዝ ብቻ አስቀረው። ሌላውን ምን ታደርገዋለህ?"

"ስትመጪ ቤታችን ውስጥ እገጥምልሻለሁ።"

"ያኔ ፈታህ፣ አሁን ገጠምህ፣ ደግሞ ልትፈታው ነው!" ብላ ሳቀች። ሳቋን ሲሰማ ወንድዬ ደረቱ ቀለለው። ይቺን እህት የሰጠውን አምላክ በልቡ አመሰገነና፣ ለእሷም፣ "እግዜር ይስጥልኝ እታለም፤ የሬዲዮውንም ጭምር" አላት። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ነበር ያን ሬዲዮ ያነሣው። እሷ እጇን በስልኩ ላይ አወዛወዘችና ወደ ሥራዋ ሮጠች።

ወንድዬም ሮጠ። እትዬ ሀጀራን መናኸሪያው ጋ ደረሰባቸው፤ የሚሰጡት ሹፌር ገና አላገኙም።

"ሣጥኑን ይስጡኝ። ነገ እኔው እወስደዋለሁ።"

"የትኛው ቦታ ላይ ልጄ?"

"በቦታው ላይ።"

ሲመለስ ጋሽ ክንፈ ከምሳቸው መጥተው ድንጋያቸው ላይ ተቀምጠዋል። ወንድዬ አምፑን ፈታና ከመቀመጫው በላይ፣ አየር የሚያገኝበት የኋላ ግድግዳ ላይ አሰረው። የቤዙን ሣጥን ጎትቶ አወጣና አንዱን ስፒከር ነቀለ። ከዚያ የእትዬ ሀጀራን ሣጥን ኮምፔርሳቶው ላይ አጋድሞ በእርሳስ አሰመረ። ሣጥኑን አነሣ፣ መስመሩን አየው፣ አንድ ስንዝር ጨምሮ እንደገና አሰመረ።

"ሣጥኑ እዚህ ጋ ያበቃል" አሉ ጋሽ ክንፈ በጣታቸው እያሳዩ። "ስንዝሩ የምንድን ነው?"

"የበሶ።"

 ጋሽ ክንፈ ከድንጋያቸው ተነሥተው፣ በዚያ ፍሬን መርገጥ ባቃተው እግራቸው ኮምፔርሳቶውን ረግጠው ያዙለት።

"ቁረጥ" አሉ።

ወንድዬ መጋዙን ስንዝር የጨመረበት መስመር ላይ አሳርፎ ሳበው።