የባዳሳ እናት ስም

ጎረቤቴ ሰሚያ ሮቤ ላይ የቤት መሥሪያ ቦታ አሥራ አንድ ዓመት ጠብቃለች። ተራዋ ሊደርስ ሲል የቤት ሥራ ማኅበሩ ሊቀመንበር ባዳሳ ሰረዛት። «ጎባ ቅርንጫፍም ተመዝግበሻል። ሁለት ቦታ መሻማት ነውር ነው!» አላት በሰው ፊት። ሰሚያ ጎባ የምትሄደው ለሐኪም ብቻ ነበር። ቦታዋን የባዳሳ አማች ወሰደው።

በ2006 ዓ.ም. ልጇ ጁሀራ ኮምፒውተር ተምራ መጣችና እዚያው ማኅበር ተቀጠረች። «ወላሂ ባዳሳን አልለቀውም፣ እትዬ ፈለቀች» አለችኝ። ዶሮ ሲያባርራት የምትጮህ ልጅ ማንን ልታስፈራ ነው ብዬ ሳቅሁባት።

የሮቤ መዝገብ በሮቤ ኮምፒውተር፣ የጎባው በጎባ ተቆልፏል፤ እንደ ጣውንት አይነጋገሩም። ጁሀራ በኢንተርኔት የሚከፈት አንድ ገጽ ሠራች። ገጹ ሮቤን ይጠይቃል፣ ጎባን ይጠይቃል፣ የሁለቱን መልስ ጎን ለጎን ያስቀምጣል። ሁለት ቦታ የያዘ ሰው ይጋለጣል ማለት ነው።

በስም ስታስተያይ ግን ማንም አልተገኘም። ባዳሳ «ንጹሕ ነን!» ብሎ ጠቅላላ ጉባኤ ጠራ። ጁሀራ እኔ ቤት መጥታ እንባዋን ዘረገፈችው።

«ባዳሳን ጎባ ላይ አጥር ሲያሳጥር ያየው አለ፤ በስሙ ግን የለም!»

«ስሙን ለውጦ ይሆናላ» አልኳት። «እናቱን ግን በማን ይለውጣታል? ቅጹ ላይ የእናት ስም አትጠይቁም?»

ሻይዋን ትታ በረረች።

የጉባኤው ዕለት ባዳሳ ክብሩን ታይለት ብሎ እናቱን፣ አደ ሰንበቴን፣ ፊት ወንበር ላይ አስቀምጧል። ጁሀራ ገጹን ግድግዳው ላይ አበራችው።

«ጋሽ ባዳሳ፣ በማን ልሞክረው?»

«በእኔ ነዋ!»

«የእናትዎን ስም ይንገሩኛ።»

«ሰንበቴ ጉተማ!» አለ፣ ደረቱን ነፍቶ።

ሁለት መስመር ወጣ። ሮቤ፦ ባዳሳ ዳቢሴ። ጎባ፦ ፍቅረሥላሴ ባልቻ። የልደት ቀናቸው አንድ ነው።

«ይሄ ሌላ ሰው ነው» አለ ባዳሳ።

«ወንድምዎ ይሆናላ፣ ጋሼ። መንታ ነበራችሁ?»

አደ ሰንበቴ ከወንበራቸው ተነሡ። «ምን መንታ? ከአንተ ሌላ ማንን ወለድኩ? ፍቅረሥላሴ የክርስትና ስምህ፣ ባልቻም አያትህ አይደሉም እንዴ?»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ጁሀራ ሳትስቅ የሰሚያን እናት ስም ጻፈች። ሮቤ፦ ሰሚያ፣ ተሰርዛለች። ጎባ፦ የለችም። ባዳሳ በጓሮ በር ወጣ።

ከሥልጣኑ ተነሣ፤ ሰሚያም ቦታዋ ተመለሰላት። ካርታውን ሳጥን ውስጥ ቆለፈችበት። ያቺን ባለሁለት መስመር ገጽ ግን በወረቀት አሳትማ፣ መስታወት ውስጥ አስገብታ፣ እንግዳ በሚገባበት ግድግዳ ላይ ሰቀለቻት።

«አንቺ፣ አውርጃት እንጂ» አልኳት። «እናቱ እንኳ ያሳዝኑሽ፤ ስማቸው አለበት።»

«ከእናቱ ጋር ምን ጸብ አለኝ?» አለች፣ መስታወቱን በነጠላዋ ጫፍ እየወለወለች። «ገጿ አሥራ አንድ ዓመት ተሰቅላ ትቆይ። ከዚያ እናያለን።»