በቁጥር 214 የሞተው

የከተማችን መቶኛ ዓመት ሲከበር «ታሪኳን በድንጋይ እንጻፍ» ያሉት እነማን እንደሆኑ ልንገራችሁ፦ አንድ ቀን እንኳ የድንጋይ ከሰል ማውጫ ጉድጓድ ያልወረዱ ሰዎች ናቸው። የበዓሉ የታሪክ ኮሚቴ ሊቀ መንበር ሃርላን ፕሪቻርድ ዕድሜውን ሙሉ በኩባንያው ቢሮ ሸሚዙን ሳያቆሽሽ የኖረ ሰው ነው። ድንጋዩን አስጠረበና በ1931ዱ የጉድጓዱ ፍንዳታ የሞቱትን የሠላሳ ስምንት ሰዎች ስም አስቀረጸበት። አሥራ አንደኛው ላይ «ኦንድሬይ ቲርፓክ» ይላል።

ኦንድሬይ ቲርፓክ አባቴ ነው። ስሙ ሲቀረጽ እኔ ቤት ተቀምጦ የጎመን ሾርባውን እየጠጣ ነበር።

በዚያ ዘመን ወደ ጉድጓድ የሚወርድ ሁሉ የራሱ ቁጥር የተቀረጸበት ትንሽ ናስ ነበረው። ሲወርድ ከጉድጓዱ አፍ ካለው ሰሌዳ ላይ ያነሳዋል፣ ሲወጣ ይመልሰዋል። ያልተመለሰ ቁጥር ካለ ባለቤቱ ከታች ቀርቷል ማለት ነው። ከሥራ የቀረ ሰው ደግሞ ቁጥሩ ለሌላ ይሰጥበታል። ስለዚህ የእኛ ሰዎች፣ የስሎቫክ ስደተኞቹ፣ ሲታመሙ ወንድማቸውን ወይም አማቻቸውን በራሳቸው ቁጥር ይልኩ ነበር። አለቆቹ እንደሆኑ ስሎቫክን ከስሎቫክ ለይተው አያውቁም፤ ለማወቅም ደክመው አያውቁም።

በፍንዳታው ቀን አባቴ ትኩሳት ጥሎት ነበር። ታናሽ ወንድሙ ሚኩላሽ፣ ከአገር ቤት ከመጣ ገና ወር ያልሞላውና ሥራ ያላገኘው፣ «አንተ ተኛ፣ እኔ እወርድልሃለሁ» አለውና ቁጥር 214ን ይዞ ወረደ። በዚያው ቀረ። ከወጡት ሬሳዎች ፊቱ የሚለይ አልነበረም።

ቁጥሩን ያዋሰ ሰው ከታወቀበት በዚያው ቀን ከኩባንያው ቤት ይጣላል። ብረት ፋብሪካውም የዚያው ኩባንያ ነውና አይቀጥረውም። እኔ የስድስት ወር ልጅ ነበርኩ፤ ደጁ በረዶ ነው። አባቴ ዝም አለ። የወንድሙን ስም ወስዶ «ሚኩላሽ» ተብሎ ብረት ፋብሪካ ገባ። እናቴ የገዛ ባሏን ሁለተኛ አገባች፤ ቄሱ እያወቁ፣ በር ተዘግቶ። እኔም የወለደኝን አባት በሰው ፊት «አጎቴ» እያልኩ አደግሁ። ይህን ሳስብ ዛሬም ደሜ ይፈላል። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፤ እኛ ጋ አርባ አራት ዓመት አድሮም አልጠራም።

እናቴን በቀበርን በዓመቱ አባቴ የድንጋዩን ወሬ ሰማ።

«ሉድሚላ» አለኝ፣ «የእኔን ስም ያውጡልኝ። የሚኩላሽን ያስገቡ። ልጁ እኮ በስሙ መቃብር እንኳ የለውም። ሳልሞት ስሙን ልየው።»

ጉድጓዱ ከተዘጋ ቆይቷል፣ ቤቱንም ገዝተነዋል፤ ከእንግዲህ ማን ያባርረናል ብዬ ፕሪቻርድ ዘንድ ሄድኩ።

«214 አልተመለሰም፤ 214 ኦንድሬይ ቲርፓክ ነው» አለኝ ቀና ሳይል። «አለቀ።»

«ኦንድሬይ ቲርፓክን ዛሬ ጠዋት እንቁላል ጠብሼ አብልቼዋለሁ!»

ሳቀ። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ! እስከ ዛሬ የት ነበራችሁ፣ ወይዘሮ? ደግሞስ በሰው ስም ሲያጭበረብር የኖረው ማን ሆነና ነው እኔ ላይ የሚጮኸው?»

«አጭበርባሪ ያደረጋችሁት እናንተ! እውነቱን ቢናገር በረዶ ላይ ልትጥሉን!»

«እኛ የታሪክ ኮሚቴ ነን እንጂ የንስሐ አባት አይደለንም። ድንጋዩ ተቀርጿል።»

በሩን በላዩ ላይ ወርውሬ ወጣሁ። ምን ዋጋ አለው፤ በር አይሰማ።

ድንጋዩ ቅዳሜ ጠዋት ከፋብሪካው ፊት ለፊት ተገለጠ። አባቴ ሙሉ ልብሱን ለብሶ ከጎኔ ተቀመጠ። ምን እንዳሰበ አልነገረኝም። ፕሪቻርድ ስም ይጠራል፤ የሟቹ ቤተሰብ ተነስቶ አበባ ያስቀምጣል። አሥራ አንደኛው ላይ ደረሰ።

«ኦንድሬይ ቲርፓክ።»

«አለሁ!» ብሎ አባቴ ተነሳ። «ኦንድሬይ እኔ ነኝ! ያ የተቃጠለው ወንድሜ ነው!»

ፕሪቻርድ ጉሮሮውን ጠረገና አሥራ ሁለተኛውን ስም ጠራ። አልደነቀኝም፤ ከእሱ ምን ይጠበቃል። ያቃጠለኝ የኛው ሰው ነው። ከኋላችን የተቀመጠው ዮዜፍ ባኒክ፣ ከአባቴ ጋር ሠላሳ ዓመት በፋብሪካው ምድጃ ሥር ላቡን ያፈሰሰው፣ አባቱም ወንድሞቹም በተዋሱት ቁጥር ሲወርዱ የኖሩ ሰው፣ የአባቴን ኮት ይዞ ጎተተ።

«ኧረ ተቀመጥ፣ ሚኩላሽ! በሰው ፊት አታዋርደን!»

አባቴ ዞሮ አየው።

«ሚኩላሽ ሞቷል፣ ዮዜፍ።»

ይህን ቃል ከአፉ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። ለእሱም የመጀመሪያው ነበር። በስሙ እየኖረ እንዴት ብሎ ያልቅስለት? «ሚኩላሽ ሞቷል! ወንድሜ ሞቷል!» እያለ፣ መርዶው ገና አሁን እንደተነገረው ሰው፣ ደረቱን እየመታ አለቀሰ። አንድም ሰው አላጽናናውም። ፕሪቻርድ አሥራ አምስተኛውን ስም እያነበበ ነበር።