የሚያንቀላፋው መለኪያ

ጋሽ ቆጣቢ የሚለውን ስም ያወጡለት ሠራተኞቹ ናቸው። የፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ ሰው ያለበትን ክፍል መብራት ሳይቀር እያጠፋ የሚዞር ሰው ነው። ይህ እንኳ ያስቅ ነበር። ቁጠባው ሰው የሚገድል መሆኑ ኋላ ነው የታወቀው።

ፋብሪካው የሚሠራው ክንድ ላይ የምትለጠፍ፣ ሳንቲም የምታህል የደም ስኳር መለኪያ ነው። መሐንዲሷ ስትነድፈው ባትሪው እንዲበረክት ብላ እንዲያንቀላፋ አድርጋዋለች፤ በየአምስት ደቂቃው ነቅቶ ይለካል፣ ስኳር ከወረደ በባለቤቱ ስልክ ይጮሃል፣ መልሶ ይተኛል። ጋሽ ቆጣቢ ግን በሰዓት አንዴ ብቻ ይንቃ አለ።

«የሰው ስኳር ሰዓት ጠብቆ አይወርድም» አለችው።

«ባትሪው ከሌሎቹ ከበለጠ ገበያው የኛ ነው።»

እምቢ ስትለው ሳትሰማ በሌላ ሰው አስቀየረው። እሷ ምኑንም ሳታውቅ አንዱን ወስዳ ለታናሽ እህቷ በገዛ እጇ ለጠፈችላት። እህቷ ብቻዋን ቤት እያለች ስኳሯ ወረደ። ጎረቤቶች በሩን የሰበሩት የስልኳ ጩኸት አላቆም ሲላቸው ነበር። መለኪያው ሰዓቱን ጠብቆ ሲነቃ እሷ እስከወዲያኛው አሸልባለች።

ጋሽ ቆጣቢ ለቅሶ ደርሶ፣ «መሣሪያው ደህና ናት ብሎ ነበር እኮ፤ እንግዲህ ምን ይደረጋል» አላት። መሐንዲሷ መለኪያውን ከፍታ ስታየው በሰዓት አንዴ የሚነቃ ሆኖ አገኘችው። ሥራዋን ግን አልለቀቀችም፤ ሰዎች እንጀራ ነው ብለው አዘኑላት። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

ጋሽ ቆጣቢ ራሱ ስኳር አለበት። ለሱ ለብቻው የሚሠራለት መለኪያ ነበረው፤ በየአምስት ደቂቃው የሚነቃው፣ የድሮው። ይህን ያወቀች ቀን ነገሩ ሁሉ ገባት። ያ ሰው ያደረገውን አሳምሮ ያውቃል ማለት ነው!

ትልልቅ ገዢዎች የመጡ ዕለት ጠዋት መለኪያውን እንድትለጥፍለት ክንዱን ሰጣት።

«ደህናውን ነው የምትለጥፊልኝ?»

«ለገበያ የምናወጣውን ነው።»

ሳቀ፤ የቀለደች መሰለው። እሷ ምንም አላበላሸችም፤ ሰው ሁሉ የሚገዛውን ለጠፈችለት፣ በቃ። እንግዳ ባለ ቀን ምሳ እንደሚዘልል፣ ስኳር የሚያወርደውን መርፌ ግን እንደማይዘልል ታውቃለች። ስኳር የበጠበጠችበትን ብርጭቆ ይዛ አዳራሹ ጥግ ቆመች።

እጅጌውን ሰብስቦ መለኪያውን ለገዢዎቹ እያሳየ፣ «እኔም የማደርገው ይህንኑ ነው» ብሎ ጀመረ። ብዙም ሳይቆይ ግንባሩ በላብ ራሰ። እጁ ተንቀጠቀጠ፤ ምላሱ ተሳሰረ።

«ስኳር... ስኳር ስጪኝ» አላት።

መሐንዲሷ የሱን ስልክ አንስታ ለገዢዎቹ አሳየች። «መሣሪያው ደህና ነዎት ይላል እኮ።»

«ተኝቷል! ውሸቱን ነው!»

«መቼ ነው የሚነቃው?»

«በሰዓት አንዴ... ኧረ በናትሽ!»

«ማነው እንደዚያ ያደረገው?»

ብርጭቆውን አየ፤ እሷን አየ። ወንበሩን ይዞ ቁልቁል ተንሸራተተ። ልቧ ትንሽ ጠብቂ አላት፤ እውነቱን ለመናገር መጠበቁ ጣፍጧት ነበር።

«እኔ ነኝ» አለ። «እኔ ነኝ ያስቀየርኩት!»

ያኔ ተንበርክካ ራሱን ደገፈችና አጠጣችው። ገዢዎቹ ቦርሳቸውን ዘጉ። ከመካከላቸው ስኳር ያለባት አንዷ ሴትዮ ክንዷ ላይ ለጥፋ የመጣችውን የዚሁን ፋብሪካ መለኪያ ቦጭቃ ጠረጴዛው ላይ ወርውራ ወጣች።

ነፍሱ መለስ ሲል፣ «ልትገድይኝ ነበር» አላት።

«እኔማ ብርጭቆ ይዤ አጠገብዎ ነበርኩ። እህቴ አጠገብ ግን ማንም አልነበረም።»

በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም ይባላል። መሐንዲሷ ግን አጉድላ ነው የሰፈረችለት፤ እሱ በሕይወት አለ።

ያን ጊዜ ሰዓቱ ሞላና መለኪያው ነቃ። ስልኩ ስኳርዎ ወርዷል እያለ ይጮህ ጀመር። ጋሽ ቆጣቢ ሊያጠፋው እጁን ሲዘረጋ ስልኩን ከፊቱ አነሳችው።

«ተዉት፣ ይጩህ» አለችው።