አርባ ኩንታል

ሾፌሩ ዘመነ አይሱዙውን ከመጋዘኑ በር አስጠግቶ ሞተሩን ሳያጠፋ ወረደ።

"ከሰባት ሰዓት በፊት ካልወጣን መንገዱን አላምነውም" አለ። "ትናንት ከቀትር በኋላ ተዘግቶ ነበር።"

የብርጓል ሰዓቷን አየች። አራት ተኩል ሆኗል። ከደብረ ማርቆስ የወጣችው ገና ሳይነጋ ነው፤ የጥር ብርድ እስካሁን ከጣቶቿ አልወጣም።

ስድስት ዓመት የግብርና ባለሙያ ሆና እነዚህን ቀበሌዎች በእግሯ ያዳረሰች ሴት ናት። ከሁለት ዓመት በፊት ሥራዋን ለቅቃ፣ ይታያል ከሚባል በኮምፒውተር ከተመረቀ ወጣት ጋር በቴሌግራም የዘር ድንች መሸጥ ጀመረች። እሷ ገበሬውንና ዘሩን ታውቃለች፤ እሱ ስልኩን። ይታያል ግን በድንች አልረካም። የጎጃም ገበሬ ጤፉን፣ ስንዴውን፣ ማሩንና በጉን ሁሉ የሚሸጥበት መተግበሪያ እየሠራ ነበር። የፊታችን ዓርብ ባሕር ዳር ሄዶ ለጀማሪ ነጋዴዎች ድጋፍ ለሚሰጡ ሰዎች ያሳየዋል። የሚያሳየው አንድ ትልቅ ርክክብ ያስፈልገው ነበር፤ የዛሬው ስልሳ ኩንታል እሱ ነው። ደብረ ወርቅ አካባቢ የሴቶች የመስኖ ማኅበር የምትመራው ሥራነሽ መሬቱን አሳርሳ ትጠብቃለች።

ይስማው ከሚባል ገበሬ የተገዛው ሃያ ኩንታል ጠዋት ተጭኗል። የቀረው አርባ ከዚህ፣ ከጋሼ እንዳላማው መጋዘን ነው። በዚህ አገር መጀመሪያ ያመኗት ገበሬ እሳቸው ናቸው።

ጫኞቹ ስድስተኛውን ጆንያ ሲያነሱ ስፌቱ ተተረተረና ድንቹ መሬት ላይ ተበተነ። የብርጓል ልትለቅም ጎንበስ አለች። አንዱን እንዳነሳች እጇ ቆመ። በድንቹ ዓይኖች ላይ አፈር ተለጥፏል። በአውራ ጣቷ ጠረገችው፤ አልለቅም አለ።

ሰንጢዋን ከቦርሳዋ አውጥታ ድንቹን ለሁለት ከፈለችው። ከልጣጩ ገባ ብሎ ቡናማ ቀለበት ዞሮታል። ጨመቅ አደረገችው። ከቀለበቱ ነጭ ጠብታ፣ እንደ መግል ያለ፣ ብቅ አለ።

"አቁሙ!" አለች። "አትጫኑ!"

ጋሼ እንዳላማው ከበሩ ብቅ አሉ። "ምን ሆንሽ?"

"ጋሼ፣ የአጠውልግ በሽታ ነው።"

"በኔ ድንች?" ፊታቸው ጠቆረ። "አንቺው በየሳምንቱ ማሳዬ ድረስ እየመጣሽ ስታይው አልነበር? አንድ ተክል ጠውልጎ አየሽ?"

"አላየሁም። ለዚህ እኮ ነው የገረመኝ።"

ሌላ ቆረጠች፤ ንጹሕ። ሌላ፤ ንጹሕ። አራተኛው ላይ ያው ነጭ ጠብታ ወጣ። ድንቹን ለሽማግሌው ዘረጋችላቸው። ረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ ጋቢያቸውን ሰብስበው ከበሩ ጉበን ላይ ተቀመጡ።

"ከገበያ ገዝቼ ሞላሁበት" አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "የኔ ሃያ ስምንት ነው። ያ ጓደኛሽ ደውሎ 'መተግበሪያው ላይ አርባ ኩንታል ብዬ ጽፌልዎታለሁ፤ ከዚያ ከወረደ ለስማችን አያምርም' አለኝ። እናንተን ከማሳፍር ብዬ ነው፣ ልጄ።"

"ለይተው አስቀምጠውታል?"

ራሳቸውን ነቀነቁ። "አንድ ላይ ነው ያፈሰስኩት።"

የብርጓል ይታያል እንደደወለላቸው አላወቀችም ነበር። ስልኳን አውጥታ ወደ ጉብታው ወጣች፤ ኔትወርክ ያለው እዚያ ብቻ ነው። ይታያል በመጀመሪያው ጥሪ አነሳ።

"ተጫነ?"

"አይጫንም። ታሟል።" ነገረችው።

"የታመመውን ለቅመሽ አውጪና የቀረውን ላኪ" አለ።

"የታመመው ሁሉ ከላይ አይታወቅም። አንዱ ሾልኮ ቢሄድ የሴቶቹ መሬት ለዓመታት ድንች አያበቅልም። በመስኖው ውኃ ደግሞ ወደ ጎረቤት ይወርዳል።"

"የብርጓል፣ ዓርብ እኮ ነገ ወዲያ ነው! የሁለት ዓመት ልፋታችን ነው። አንቺ የሚታይሽ ጆንያው ብቻ ነው።"

"አንተም የሚታይህ ጆንያ የሌለበት የሕልም አገር ነው" አለች። "አርባ ብለህ የጻፍከው ከየት አምጥተህ ነው?"

ስልኩን ዘጋችው።

ከታች ዘመነ የመኪናውን ጥሩምባ ነፋ። ወርዳ የተጫኑትን አምስት ጆንያዎች አስወረደች። ጫኞቹ አጉረመረሙ። ዘመነ "ለሃያ ኩንታል ነው መኪና ያስመጣሽኝ?" ብሎ ጮኸባት። የይስማውን ጆንያዎችም ከየአንዳንዱ እያወጣች ቆረጠች፤ ሁሉም ንጹሕ ነበር። ስድስት ሰዓት ሲሆን አይሱዙው የይስማውን ሃያ ኩንታል ብቻ ይዞ፣ ባዶ መስሎ ወደ ደብረ ወርቅ ወረደ።

ከሁሉ የከበዳት ለሥራነሽ መደወሉ ነበር። ሳትሸፋፍን ነገረቻት።

"እኔ ሠላሳ አምስት ሴት ሰብስቤ መሬት አሳርሻለሁ" አለች ሥራነሽ። "ውኃው ለኛ የሚለቀቀው እስከ ሰኞ ነው። አሁን ምን በይ ትይኛለሽ?"

"ቅዳሜ የቀረውን አደርሳለሁ።"

"ቅዳሜ ካልደረሰ ሌላ ቦታ እገዛለሁ። የሆነውንም ለሰው ሁሉ እናገራለሁ።"

"ይሁን" አለች የብርጓል።

ሐሙስ ማለዳ ስትመጣ ጋሼ እንዳላማው ዱላቸውን ይዘው መንገድ ላይ ቆመው ጠበቋት። "አንቺን ብቻሽን ካዩ አይከፍቱልሽም" አሉ። "ቢላዋ ይዛ የመጣችን ሴት ማን ጎተራውን ያሳያል?"

ሁለት ቀን አብረው ዳገት ወጡ፣ ወረዱ። በየደጁ ሽማግሌው አስቀድመው "የኔ ታሞ ተገኝቷል፤ የናንተን አሳዩ" ይሉ ነበር። ይህን በተናገሩ ቁጥር የብርጓል አንገቷን ትደፋለች። አንዱ ገበሬ አባረራቸው። ሌላው ጋ አሥራ አምስት ኩንታል ጥሩ ዘር ተገኘ። ሦስተኛው መጋዘን ዓይን የሚስብ ድንች ነበረው፤ የተቆረጠው ሃያኛው ድንች ላይ ነጭ ጠብታ ወጣ፤ ሁሉንም ትታው ወጣች። ከሌሎች ደጆች ደግሞ በጥቂት በጥቂቱ ሃያ ሦስት ኩንታል ሰበሰቡ። በዚያ ሁሉ ሰዓት ስልኳ ላይ የቴሌግራሙ ቻናል ይጮኽባት ነበር፤ ደንበኞች ይጠይቃሉ፣ መልስ የሚሰጥ የለም። ስልኳን አጠፋችው።

ዓርብ ሦስት ሰዓት ላይ ስትከፍተው ይታያል ደወለ። ከባሕር ዳሩ አዳራሽ በር ላይ ነበር።

"ሊጠሩኝ ነው። ስንት አስረከባችሁ ቢሉኝ ምን ልበል?"

"ሃያ በል።"

"ሃያ ብል ይስቁብኛል።"

"ያስረከብነው ሃያ ነው፣ ይታያል።"

ተነፈሰና ዘጋው።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ሠላሳ ስምንት ኩንታል ደብረ ወርቅ ደረሰ። ሥራነሽ ሰላምታ እንኳ ሳትሰጥ ቢላዋ አስመጣች። ከየጆንያው ራሷ እየመረጠች ቆረጠች፣ ጨመቀች፣ ጣለች። የብርጓል ከጎኗ ቆማ ትቆጥራለች። ከብዙ ጊዜ በኋላ ሥራነሽ እጇን በነጠላዋ ጠረገች።

"አውርዱት" አለች ለሴቶቹ። ወደ የብርጓልም ዞራ "ሁለት ጎድሏል" አለች።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ይታያል ቤቷ መጣ። ዓይኖቹ ቀልተዋል።

"ሃያ ብዬ ተናገርኩ፤ ገንዘቡን አልሰጡንም። ሥራ ስታበዙ ተመለሱ አሉን።" ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጠ። "ለጋሼ እንዳላማው ደወልኩላቸው። ይቅርታ ጠየቅኋቸው።"

"ምን አሉህ?"

"ድንቹ ለወጥ አይጎዳም፣ ለቤተሰብ ቀለብ አድርጌዋለሁ አሉኝ። ሌላ ነገር አላሉም። እሱ ነው የባሰብኝ።" ስልኩን አወጣ። "ጤፉንም ማሩንም በጉንም ከመተግበሪያው አወጣኋቸው። ድንች ብቻ ነው የቀረው።"

"አጠፋሃቸው?"

"አላጠፋሁም። ለጊዜው አስቀመጥኳቸው።"

የብርጓል ለመጀመሪያ ጊዜ በዚያ ሳምንት ፈገግ አለች። እሷም የጎጃም ገበሬ ሁሉን የሚሸጥበትን፣ እሱ የሚያልመውን ያንን ትልቅ አገር ልታየው ትፈልግ ነበር፤ ነግራው ግን አታውቅም።

"ነገ ወደ ላይ ስትወጪ እኔም እመጣለሁ" አለ። "መጋዘኖቹን አንድም ቀን አላየኋቸው።"

"ጋቢ ያዝ እንግዲህ" አለችው። "የዚያን አገር ብርድ በዚህ ጃኬትህ አትችለውም።"